ያለ ተራ የሄደ ውሃ

ባለፈው ሳምንት ፈይሩዝን ከአዲስ አበባው አውቶቡስ አውርደን፣ ሻንጣዋን አስይዘን፣ ሸዋ ሮቢት አስፋልት ዳር ጥለናት ነበር የሄድነው። በዚያ ሙቀት ሰው ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ይቅር በሉን። የዚያን ቀን ሙቀት እንዴት ያለ መሰላችሁ! ባጃጄን አቁሜ ጥላ ፍለጋ ብሄድ፣ የገዛ ጥላዬ ቀድሞኝ ማንጎ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። ያላመነ መጥቶ ራሱን ጥላዬን ይጠይቀው።

ላልነበራችሁ ባጭሩ ላውጋችሁ። ፈይሩዝ የሽንኩርት ነጋዴው የጋሽ አብዱልመጂድ ልጅ ናት። በልጅነቷ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ተላከች፤ ተማረች፣ ተማረች፣ ሌላው ሰው ትምህርት የሚያልቅበት ቦታ ደርሳ አሁንም ተማረችና ዶክተር ሆነች። መርፌ የምትወጋ ዶክተር አይደለችም። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ያውም የወንዝና የዛፍ ፖለቲካ። «ወንዝ ደግሞ ድምፅ ይሰጣል እንዴ?» ብያት ነበር አንድ ቀን ባጃጄ ውስጥ። «አይሰጥም። ለዚህ ነው ሁሉም በስሙ የሚወስነው» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

ሙሀሲን ደግሞ የእኛ ቦይ የውሃ አባት ነው። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍል፣ ሲቆጣ የቦዩ እንቁራሪት ሁሉ ትንፋሹን የሚውጥለት ሰው። አምና ፈይሩዝ ለጥናቷ መጥታ በጋውን ሙሉ ማሳ ለማሳ ስትዞር አብሯት የዞረው እሱ ነው። እሷ ስትጽፍ እሱ ጣቶቿን ያያል። እሱ ጭቃ ሲቆፍር እሷ አንገቱን ታያለች። ሲገናኙ ሁለቱም ሰማይ ያያሉ። «እወድሻለሁ» ያለ የለም፤ «እወድሃለሁ» ያለችም የለች። አዲስ አበባ ስትመለስ በስልክ ይጻጻፉ ነበር። የሱ መልእክት ሁሉ ስለ አየር ነው፤ «ዛሬ ደመነ»፣ «ዛሬ ነፋስ ነው»። ከዚያ የፈይሩዝ ጽሑፍ በውጭ አገር መጽሔት ወጣ። ወሬው በውሃው ጽሕፈት ቤት በኩል ሮቢት ሲደርስ፣ የሙሀሲን ስልክ ዝም አለ።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ።

ጽሕፈት ቤቱ ለገበሬው «የጥናት ውጤት» ብሎ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ፈይሩዝ ፊት ቆማ ጽሑፏን በአማርኛ አሳጥራ ታነባለች። እኛ ከኋላ ተደርድረናል። ሙሀሲን መሃል ላይ፣ ክንዶቹን አጣምሮ።

«በአንድ ቦይ ላይ» አለች፣ «ውሃ ያለ ተራው ወደ አንድ ባለሀብት ማሳ ሲሄድ አይቻለሁ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ወቅቱን ሙሉ። ባለሀብቱ የገዛ አባቴ ናቸው። አልደበቅኩም፤ ጽፌዋለሁ። ገበሬዎቹን ለምን ብዬ ስጠይቅ ሳቁ። ደካማ ሰው ኃይለኛውን ሲፈራ እንደዚያ ይስቃል። የውሃ አባቱም ውሃውን የሚሰጠው ለጉልበተኛ ነበር።»

ከኋላ እርስ በርሳችን ተያየን። አሁን ማንም አልሳቀም።

ሙሀሲን ተነሣ። «ዶክተር፣ ጥያቄ ይፈቀዳል?»

ፈይሩዝ ፊቷ በራ። ከመጣች ጀምሮ ድምፁን አልሰማችም ነበርና። «ይፈቀዳል» አለች።

«ውሃው ወደ ማን ማሳ እንደሄደ ጽፈዋል። ከማን ተራ ላይ ተቆርጦ እንደሄደስ ጽፈዋል?»

«እሱን... እሱን አላጣራሁም። ከማንም ይቆረጥ፣ ያለ ተራ የሄደ ውሃ ያለ ተራ ነው።»

«ልክ ነዎት» አለ ሙሀሲን። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የሱ ድምፅ ዝቅ ሲል ነው መሸሽ። «እኔ ሌባ ነኝ። በውጭ አገር ቋንቋ ሌባ ነኝ። እዚህ ያለ ሰው የሰጠኝን ስም እዚያ ያለ ሰው አርሞታል። ይቀጥሉ እርስዎ፤ እኔ ማሳ አለኝ።»

በሩን ሲዘጋው የአዳራሹ ቆርቆሮ ጮኸ።

የጽሕፈት ቤቱ ሰው፣ አቶ ታምራት፣ ይሄኔ ድምፅ ማጉያውን ነጠቁ። «እንግዲህ ዛሬ ከሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ ቦዩ ላይ ተሰብስበን ሙሀሲንን እናነሣለን፤ ሌላ የውሃ አባት እንመርጣለን። ጥናቱ በቂ ማስረጃ ነው።»

«አቶ ታምራት፣ ጥናቴ ሰው ለማባረር አልተጻፈም!»

«ዶክተር፣ እኛ እርስዎ የጻፉትን ነው ያነበብነው።»

ፈይሩዝ ወረቀቷን ሰበሰበች። ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «ሌባ» የሚለው አልነበረም። በጋውን ሙሉ «አንቺ» ያላት ሰው «እርስዎ» ማለቱ ነበር።

ባጃጄ ውስጥ ስትገባ በር ቢኖረው ኖሮ ትሰብረው ነበር።

«አባቴ ቤት ውሰደኝ።»

ሰው ሲናደድ ማጫወት ልማዴ ነውና ጀመርኩ። «አይዞሽ። ማጀቴ ከተማ አንድ በሬ አለ አሉ፣ ባለቤቱ ሲናደድበት ራሱ ሄዶ ሽማግሌ...»

«ረድዋን! ዛሬ አንዲት ውሸት ከአፍህ ብትወጣ ይቺን ባጃጅ ቦይ ውስጥ እከታታለሁ።»

ወላሂ ታደርገዋለች። ሞተሩን አስነሣሁ።

«ያኔ ስጠይቃችሁ ለምን ሳቃችሁ?»

«አባትሽን ጠይቂ።»

«ያኔም አባትሽን ጠይቂ፣ አሁንም አባትሽን ጠይቂ! ጠይቄያቸዋለሁ፤ ቀልደው አለፉኝ። አንተ አፍ የለህም?»

«የኔ አፍ እዚህ ላይ አይሠራም። ለልጅቱ የሚነግራት አባቷ ነው።»

«ለየትኛዋ ልጅ?»

ምላሴን ነከስኩ። በመስታወቱ አየኋት። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ፊቷ ግን ቀስ በቀስ ነጣ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም።

ጋሽ አብዱልመጂድ በረንዳቸው ላይ ትራስ ደገፍ ብለው ጫታቸውን ይቀጥፋሉ። እህታቸው እትዬ ሙሚና ከጎናቸው በርበሬ ይለቅማሉ። ፈይሩዝ ሰላምታ እንኳ ረስታ ቆመች።

«አባ፣ የሙሀሲን ውሃ ለምንድነው እኛ ማሳ የሚገባው?»

«ውሃ ወደ ቁልቁለት ይሄዳል። ይሄን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩሽም?»

«አባ!»

«ምን ትጮሂብኛለሽ? ስሜን ለውጭ አገር ሰው የጻፍሽው አንቺ፣ የምትቆጪውም አንቺ?»

እትዬ ሙሚና የበርበሬውን ሰፌድ መሬት ጣሉት። «አንተ ሰውዬ፣ አላህን ፍራ! የደጅ ውሃ ነው በላት! አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ ይበቃል!»

የደጅ ውሃ ምን እንደሆነ እኔ ላስረዳችሁ፤ እትዬ ሙሚናማ እያለቀሱ ስለተናገሩት ግማሹ አልተሰማም። በእኛ ቦይ ወንድ ልጅ ሴት ሲወድ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የራሱን ተራ ውሃ ለልጅቱ አባት ማሳ ይለቃል። አባት ካልፈለገ በዚያው ቀን የማሳውን አፍ በጭቃ ይዘጋል፤ ነገሩ ያበቃል፤ ማንም አያፍርም። ካልዘጋ ፈቅዷል። የሰጠው ሰው ውሃውን መልሶ መውሰድ አይችልም፤ ዓመት ቢያልፍ፣ ማሳው ቢደርቅም ቁጭ ብሎ ያያል። ለልጅቱ ደግሞ አባቷ እስኪነግራት ድረስ ከሌላ ሰው አፍ ትንፍሽ አይባልም። ቦይ ዳር ያደገች ልጅ ዝም ቢሏትም ጠርጥራ ትደርስበታለች። ፈይሩዝ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። «ውሃው ለምን ያለ ተራ ሄደ?» ብላ እኛኑ ስትጠይቀን ምን እናድርግ? ሳቅን! የሠርግ ሳቅ ነበር። እሷ የፍርሃት ሳቅ ብላ ጻፈችው።

ፈይሩዝ ግድግዳውን ደገፍ አለች። «ያውቁ ነበር» አለች። «ወቅቱን ሙሉ ያውቁ ነበር። ለእኔ የተላከ ውሃ ጠጥተው ዝም አሉ።»

«እኔ አልጠጣሁም። ሽንኩርቱ ነው የጠጣው።»

«አባ!»

«ምን ላድርግ? ዘሩ ሊደርቅ ነበር! ደግሞስ ዶክተር ያደረግኩሽ ለባለ አካፋ ልድርሽ ነው?»

«እንግዲያ ለምን አልዘጉትም?»

ጋሽ አብዱልመጂድ ጫታቸውን አዩ።

«እምቢ እንዳይሉ ለሽንኩርትዎ ሳሱ። እሺ ብለው እንዳይነግሩኝ ደግሞ ሙሀሲንን ናቁ። እኔስ? እኔ ጓዳ ውስጥ ያለሁ እቃ ነኝ? ማን ጠየቀኝ?»

«አንቺ ምን ትጠየቂያለሽ? የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

ይቺን ሲሉ ቀልድ አልነበረችም፤ ከልባቸው ነው። ፈይሩዝ እንደ ተመታ ሰው ቆመች። ከዚያ ዓይኗ ውስጥ ሌላ እሳት ሲነሣ አየሁ። «እሱም» አለች ለራሷ። «እሱም አልጠየቀኝም።» ምኑ ይበልጥ እንዳቃጠላት አላህ ይወቀው፤ የተወደደች ሰው እንዲህ ስትናደድ አይቼ አላውቅም።

ወደ ቦዩ ስንወርድ በሙሀሲን ማሳ በኩል አለፍን። «አቁም» አለች። ወረደች። የሽንኩርቱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። አንዱን ጨበጠችው፤ መዳፏ ውስጥ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ተፈረፈረ። ማዶ የአባቷ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። እዚያ ማዶ ቁጭ ብላ ስትጽፍ ከርማ አንድ ቀን ወደዚህ አልዞረችም።

ስልኳ ጮኸ። የትምህርት ክፍሏ ኃላፊ ናቸው፤ ድምፃቸው ከኔ ባጃጅ ይበልጣልና ሁሉንም ሰማሁ። «እንኳን ደስ ያለሽ! ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱ ሊጸድቅ ነው። ገምጋሚዎቹን ያሳመነቻቸው ያቺ የውሃ ምሳሌ ናት። ጽሑፉን ያቆመችው እሷ ናት!»

«ምሳሌዋ ስህተት ናት» አለች ፈይሩዝ።

«ምን?»

«ስህተት ናት። የአንድ ሰው ስም አጥፍቻለሁ። ማረሚያ እጽፋለሁ።»

«ፈይሩዝ፣ ስሚኝ። ዕድገቱ ይጽደቅ፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ ታርሚያለሽ። አሁን ብትነኪው ሁሉም ይፈርሳል። ስንት ዘመን የደከምሽበትን!»

«ሰውየውን የሚያነሡት ዛሬ ነው» አለችና ዘጋችው። የደከመችበትን ዘመን ሁሉ እንደዚያ በአውራ ጣቷ ዘጋችው።

ቦዩ ዳር ያለው ግራር ሥር ሰው ተሰብስቧል። ሙሀሲን አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል፤ አካፋውን ማስረከብ የውሃ አባትነትን ማስረከብ ነው። አቶ ታምራት እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ፈይሩዝ መሃል ገባች።

«አይቀበሉት!»

«ዶክተር?»

«ሙሀሲን ለማንም አላደላም። የሰጠው የራሱን ተራ ነው። የራሱ ማሳ ደርቋል፤ ሄደው ይዩት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ለመጽሔቱም በስሜ እጽፈዋለሁ።»

አቶ ታምራት ግንባራቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ያለ ተራ ውሃ አልሄደም ነው የሚሉት?»

«ሄዷል። የሄደው ግን እኔን ለመግዛት ነው።»

ሰዉ «ኡ!» አለ። ሙሀሲን እንደ ነብር ዞረ።

«ለመግዛት?»

«ምን ልበለው ታዲያ? በጋውን ሙሉ አብረን ዞርን! አፍ አልነበረህም? ስልክ አልነበረህም? ዛሬ ደመነ ብለህ ትጽፍልኛለህ! ስለ ደመና! እኔ መስኮት ላይ ቆሜ፣ የአዲስ አበባን ሰማይ እያየሁ፣ ከዚያ ደመና ውስጥ አንዲት ቃል ስፈልግ ነበር!»

«ወጋችን ነው! አባቴም እናቴን በዚሁ ነው የጠየቀው!»

«እናትህን አልጠየቀም! አባቷን ነው የጠየቀው፤ ማሳውን ነው የጠየቀው! እኔ የት ነኝ እዚህ ውስጥ? ውሃው የት ጋ ነው እኔን የነካኝ?»

«ማሳዬ ሲደርቅ አንድ ቃል አልተነፈስኩም!» ሙሀሲን ጮኸ፤ የአንገቱ ሥር ተገትሮ። «ሰው ሲስቅብኝ ዝም አልኩ። ውሃውን አልዘጉትም፣ እሺ ብለዋል፣ እሷም እሺ ብላለች ብዬ የቤት ቆርቆሮ አስጭኜ መጣሁ! ያኔ ጽሑፍሽ ደረሰኝ። ሌባ! በጋውን ሙሉ ከጎንሽ የቆመውን ሰው ሌባ ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት፣ ሙሀሲን ይሄ ነገር ምንድነው ማለት አቃተሽ? እነዚህን ሁሉ ጠየቅሽ። ረድዋንን እንኳ ጠየቅሽ፤ ረድዋንን! እኔን ጠየቅሽኝ? አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?»

እኔን እንዲያ በማለቱ ልከፋ አሰብኩና ጊዜው አይደለም ብዬ ተውኩት።

የፈይሩዝ እንባ ወረደ፤ ግን ማልቀሷ እንኳ የቁጣ ነበር፤ እንባውን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው በጥፊ መታችው።

«አልጠየቅኩህም» አለች። «ፈራሁ። እውነት ለአባቴ ታጎበድዳለህ ብዬ ፈራሁ። መልስህን ከምሰማ ብጽፈው ቀለለኝ።»

ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ሰብስባ ቦዩ ውስጥ ወረደችና ወደ አባቷ ማሳ የሚያስገባውን አፍ በጭቃ መድፈን ጀመረች። በእጇ! ድንጋይ ጎተተች፣ ጭቃ ዛቀች፣ በጉልበቷ ገፋችው። ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። የደጅ ውሃ የሚዘጋው በአባት እጅ ወይም በወንድም እጅ ነው፤ የልጅቱ እጅ ነክቶት አያውቅም። በዚህ መሃል ጋሽ አብዱልመጂድ እያለከለኩ ደረሱ። «ተይ! ተይ! ሽንኩርቴን!» አሉ። ልጃቸው ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ እያለቀሰች፣ ከአፋቸው የወጣው ሽንኩርት ነው! ደብሪቱ የምትባል ጎረቤታችን «ውይ፣ አያፍሩም እንዴ!» አለቻቸው በሰው መሃል። እሳቸውም አፈሩ መሰለኝ፤ ዳር ላይ ቆመው ቀሩ።

ሙሀሲን ግን ሌላ ነገር ነበር ያየው። አፉ ተዘጋ ማለት እምቢ ማለት ነው። ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ የቀረው ፊት ደግሞ ለማየት ይከብድ ነበር።

«ዘጋሽው» አለ።

«ዘጋሁት» አለች፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና። «አባቴን ለጠየቅከው ጥያቄ መልሱ ይሄው። እምቢ! አሁን እኔን ጠይቀኝ።»

«አልጠይቅም!»

«ሙሀሲን!»

«አልጠይቅም አልኩሽ! በሰው መሃል አዋርደሽኝ፣ ሌባ ብለሽኝ፣ ዘግተሽብኝ...» አካፋውን ነቀለና ሄደ። ቦዩን ተሻገረ። መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ትከሻው ይወጣል ይወርዳል። ከዚያ ተመለሰ፤ እየረገጠ፣ ውሃውን በየአቅጣጫው እየረጨ፣ ፊቷ ድረስ መጣ።

«ታገቢኛለሽ?» አላት። ማሳው ውስጥ ከብት የገባበት ሰው እንኳ እንደዚያ አይጮህም። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ያለፈ መኪና ሁሉ ሰምቶ ጡሩንባ መለሰ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

«በቁጣ ነው የምትጠይቀኝ?»

«በቁጣ ነው! ሌላ የለኝም! ጨርሰሽብኛል!»

«ድገመው።»

ሁለተኛውን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። «ፈይሩዝ... አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ታገቢኛለሽ ወይ?»

«አገባሃለሁ!» ብላ ጮኸችበት። «ግን ተቆጥቼ አልጨረስኩም!»

«እኔም አልጨረስኩም!»

ውሃው ወደሱ ማሳ ዞሮ መፍሰስ ጀምሯል፤ ያየው ሰው ግን አልነበረም። ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዳቸውም ፈገግ ሳይሉ ተያዩ። ሙሀሲን ጉንጯ ላይ ያለውን ጭቃ ሊጠርግላት እጁን ሲዘረጋ በጥፊ መልሳ መታችው። ከዚያ ያንኑ የመታችውን እጅ ያዘችና፣ ጥፍሯ እስኪሰምጥበት ድረስ ጨምድዳ፣ አለቅም አለች።